ላይብረሪዎቹን ብቻ አውርዶ ኮምፓይሉን ቤት ማድረግ ይቻላል? ድሬና ሐረር ያላችሁ እርዱኝ

ገንደቆሬ (ሰኞ ማታ)

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረርም ጭምር። አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው የመጣሁት።

የጃቫ ፕሮጀክት ተሰጥቶኛል። ስፕሪንግ ቡት በሚባለው የጃቫ ማዕቀፍ የተሠራ ነው፣ የሚገነባው በሜቨን ነው፤ ሜቨን ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) አውርዶ ፕሮግራሙን የሚገነባ መሣሪያ ነው። ቤት ያለኝ የስልክ ዳታ ብቻ ነው። እሱን ላይብረሪ ላውርድበት ካልኩ ለወሩ ምንም አይተርፈኝም። ከዚራ ጓደኛዬ ቢሮ ደህና ዋይፋይ አለ። ግን እዚያ ብዙ መቀመጥ አልችልም። የላፕቶፔ ባትሪ ደክሟል፤ የከሰዓቱን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮምፓይል (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ መቀየር) ሲጀምር ፋኑ ይጮሃል፣ ማሽኑ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ ቴስቱ ይከተላል። ኔት የሚያስፈልገኝ ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ሰዓቴ የሚያልቀው ግን በሌላው ነው።

የምፈልገው ይሄ ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ላይብረሪዎቹን ብቻ ላውርድ። ኮምፓይሉን ማታ ቤቴ፣ ያለ ኔት፣ ተረጋግቼ ላድርገው። ይቻላል?

ደቻቱ

ይቻላል እህቴ። ሜቨን ላይ «ዲፔንደንሲ» የሚባል ፕለጊን አለ። ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆነሽ «ኤምቪኤን ዲፔንደንሲ፡ጎ-ኦፍላይን» ብለሽ እዘዢው። ፖም ፋይሉን (ፕሮጀክቱ የሚፈልገው የተዘረዘረበትን) ያነባል፣ ላይብረሪዎቹንና ለግንባታው የሚያስፈልጉ ፕለጊኖችን ያወርዳል። አንድም የጃቫ ፋይል ኮምፓይል አያደርግም።

የሚያስቀምጠው ሆም ፎልደርሽ ውስጥ፣ «.ኤም2» በሚባለው ድብቅ ፎልደር፣ «ሪፖዚተሪ» ሥር ነው። ቤት ስትደርሺ «ኤምቪኤን -ኦ ፓኬጅ» በይ። «-ኦ» ማለት ኔት አትንካ፣ ያለውን ተጠቀም ማለት ነው።

ሳቢያን

አቦ ለምን ታወሳስቡባታላችሁ? ዋይፋዩ ጋ ሆና አንዴ ሙሉውን ትገንባው። የሚወርደው ሁሉ እዚያው ካሽ (የወረደው ማከማቻ ፎልደር) ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ቤቷ ያለ ኔት እንደፈለገች ትሠራለች። ሜቨን የሚያስፈልገውን አሟልቶ የሚያወርደው ሲገነባ ብቻ ነው። ሌላው መንገድ ሁሉ የሆነ ነገር ያጎድላል። በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

ገንደቆሬ (ረቡዕ ማታ)

ሳቢያን ወንድሜ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል። ግን የቸገረኝ እሱ ነው፤ እዚያ ቁጭ ብዬ መገንባት አልችልም።

የደቻቱን ሞክሬዋለሁ። ጥሩ አድርጎ ወረደ፣ ማሽኑም አልጋለም። ቤት መጥቼ ኔት ዘግቼ ገነባሁ። ኮምፓይሉ አለፈ፣ ደስ አለኝ። ቴስት ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሹርፋየር-ጄዩኒት-ፕላትፎርም» የሚባል ነገር የለም ይላል። ይሄ ስም ፖም ፋይሌ ውስጥ የትም የለም። ከየት መጣ?

ጁገል

ገንደቆሬ፣ ይሄ ያንቺ ጥፋት አይደለም። የታወቀ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ለሌላም ጊዜ ይጠቅምሻል።

ሹርፋየር ሜቨን ቴስት የሚያስኬድበት ፕለጊን ነው። ግን ከሁሉም ዓይነት ቴስት ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። ቴስቱ ሊጀመር ሲል ፕሮጀክቱን ያይና ጄዩኒት 4 ነው፣ ጄዩኒት 5 ነው ወይስ ቴስትኤንጂ ነው የሚለውን ይለያል። ከዚያ ለዚያኛው የሚስማማውን አገናኝ ያወርዳል። ያ ውሳኔ የሚሰጠው ቴስቱ ሊሄድ ሲል ነው። ስለዚህ ፖም ፋይልሽን ብቻ የሚያነብ ትዕዛዝ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፖም ፋይልሽ ላይ ሹርፋየር ፕለጊን ሥር ያንን አገናኝ እንደ ዲፔንደንሲ ጽፈሽ አስገቢው። ቨርዥኑ ከሹርፋየሩ ቨርዥን ጋር አንድ ይሁን። ከዚያ በኋላ «ጎ-ኦፍላይን» ያየዋል፣ ያወርደዋል። ፖም ፋይሉን መንካት ካልተፈቀደልሽ «ኤምቪኤን ዲፔንደንሲ፡ጌት» ብለሽ በስሙ ጥሪው። ሙሉ ስሙና ቨርዥኑ ስህተቱ መልእክት ላይ ተጽፎልሻል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ ስለሚቀር ቀጥሎ የሚመጣው ሰውም አይቸገርም። ኪውኤዌር የሚባል የጀርመን ድርጅት ለዚሁ ጣጣ የሠራው «ጎ-ኦፍላይን-ሜቨን-ፕለጊን» የሚባልም አለ። እንዲህ ያሉትን ድብቅ ላይብረሪዎች እዚያ ዘርዝረሽ ትጽፊለታለሽ።

አሁን ወደ ሳቢያን ልምጣ። ለሜቨን የተናገርከው እውነትነት አለው። ለሁሉም መሣሪያ ግን አይሠራም። መሣሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ገበያ ሳይወጣ የሚገዛውን ጽፎ የሚሄድ ነው። ሌላው ወጡ ተጥዶ ጨው እንደሌለ የሚያስታውስ ነው። የራስትና የጎ ቋንቋ መሣሪያዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሜቨንና ግሬድል (ሌላው የጃቫና የአንድሮይድ መገንቢያ) ወደ ሁለተኛው ያደላሉ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የቱ ትዕዛዝ ነው የሚያወርደው?» ሳይሆን «መሣሪያዬ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከመገንባቱ በፊት ያውቃል ወይ?» የሚለው ነው።

ግሪክ_ካምፕ

ጁገል ልክ ብለሃል። ራስት ለምትሠሩ ልጨምር፤ ይሄ ጥያቄ ለራስት የበለጠ ይገባል።

ራስት ላይብረሪ የሚመጣው ተጨምቆ የታሸገ ሶርስ ኮድ ሆኖ ነው። ስለዚህ ማውረዱ ቀላል ነው፣ ከባዱ ኮምፓይሉ ነው። ደካማ ላፕቶፕ ላይ አንድ መካከለኛ ፕሮጀክት ሙሉ ለሙሉ ሲገነባ ሌላ ሥራ መሥራት አይቻልም። ሁለቱን መለየት ትልቅ እፎይታ ነው።

የራስት መሣሪያ ካርጎ ይባላል፤ ትዕዛዙ «ካርጎ ፌች» ነው። «ካርጎ.ሎክ» የሚባለው ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ላይብረሪ ከነቨርዥኑና ከነቼክሰሙ (ፋይሉ አለመነካቱ የሚረጋገጥበት ቁጥር) ተጽፏል። ካርጎ እሱን አይቶ ያወርዳል፣ ያበቃል። «--ሎክድ» የሚለውን ጨምሩበት፤ ሎክ ፋይሉን እንዳይለውጥ ይከለክለዋል። ቤት «ካርጎ ቢልድ --ኦፍላይን»።

ዳታ ለሚቆጥብ ሰው አንድ ነገር። «ካርጎ ፌች» ዝም ብላችሁ ካዘዛችሁት የሁሉንም ሲስተም ላይብረሪ ያወርዳል። ሊኑክስ ላይ ተቀምጣችሁ የዊንዶውሶቹን ሁሉ ታወርዳላችሁ፤ እነሱ ደግሞ ትልልቆች ናቸው። «--ታርጌት» ብላችሁ የራሳችሁን ሲስተም ንገሩት።

ሎክ ፋይሉ የማያውቀው ነገርም አለ። አንዳንድ ላይብረሪ ኮምፓይል ሲደረግ የሚሮጥ «ቢልድ.አርኤስ» የሚባል ፋይል አለው። እሱ በዚያን ሰዓት የሲስተሙን ላይብረሪ ይፈልጋል፤ አንዳንዱማ ከኔት ሊያወርድ ይሞክራል። በብዛት የሚያጋጥመው ኦፕንኤስኤስኤል ነው። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ «ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ» እና «ፒኬጂ-ኮንፊግ» ዋይፋዩ ጋ እያላችሁ ጫኑ። ፕሮጀክቱ ውስጥ «ራስት-ቱልቼይን» የሚል ፋይል ካለ ደግሞ ኮምፓይለሩ ራሱ በሌላ ቨርዥን ሊጠየቅ ነው። እሱም ቀድሞ ይውረድ።

ሐረማያ_04

ጥሩ ውይይት ነው። ኖድ (ጃቫስክሪፕት) ለምንሠራስ? ካምፓስ ዋይፋይ አለን፣ ክረምት ቤተሰብ ጋ ስንገባ ግን የለም። በፓኬጅ ማውረጃው «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ስል ማውረድ ብቻ ሳይሆን የሆነ የሆነ ነገር ይገነባል።

ለገሃሬ

ሐረማያ፣ የሚገነባው ነገር የሚመጣው ከስክሪፕት ነው። ኤንፒኤም ፓኬጅ ሲጭን የፓኬጁ ባለቤት የጻፈው ትዕዛዝ ካለ ያስኬዳል። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ አካል ያለው ፓኬጅ በዚያ ስክሪፕት ነው ኮምፓይል የሚደረገው። «ኤንፒኤም ሲአይ --ኢግኖር-ስክሪፕትስ» ካልከው ያወርዳል፣ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ምንም አያስኬድም። ቤት «ኤንፒኤም ሪቢልድ» ስትል ያን ጊዜ ስክሪፕቶቹ ይሮጣሉ።

ነገር ግን ስክሪፕቱ አንዳንዴ የሚገነባ ሳይሆን የሚያወርድ ነው። ፐፔቲር ክሮም ብራውዘር የሚያመጣው በስክሪፕት ነው። ኤሌክትሮንም ዋናውን ፕሮግራም እንዲሁ ሲያመጣ ቆይቷል። ስክሪፕት ዘግተህ ቤት ከገባህ እነዚህ ጎድለውብህ ታገኛቸዋለህ። ስለዚህ «ፓኬጅ-ሎክ» ፋይሉን ክፈትና «ሃዝኢንስቶልስክሪፕት» የሚለውን ቃል ፈልግ። ስክሪፕት ያለው ፓኬጅ ሁሉ ይህ ምልክት አለው። ብዙ ጊዜ ጥቂት ናቸው። ከነሱ መካከል የሚያወርዱትን ለይተህ ዋይፋዩ ጋ እያለህ በስማቸው ሪቢልድ አድርጋቸው። ኮምፓይል የሚደረጉት ቤት ይቆዩ። ለነሱ ደግሞ «ኖድ-ጂፕ ኢንስቶል» አስቀድመህ እዘዝ፤ የኖዱን ሄደር ፋይሎች ያወርድልሃል። አለበለዚያ ኮምፓይሉ ሲጀምር ኔት ይጠይቅሃል።

በኤንፒኤም ፈንታ ፒኤንፒኤም ከተጠቀምክ «ፒኤንፒኤም ፌች» አለ። ሎክ ፋይሉን ብቻ አይቶ ወደ ማከማቻው ያወርዳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው።

ፈረስ_መጋላ

ለገሃሬ ያነሳችው የስክሪፕት ነገር ለደህንነትም ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 «ዩኤ-ፓርሰር-ጄኤስ» የተባለው በጣም ታዋቂ የኤንፒኤም ፓኬጅ ባለቤቱ አካውንት ተጠልፎ 3 የተበከሉ ቨርዥኖች ወጥተው ነበር። ጉዳቱን ያደረሰው ኮዱን የተጠቀመ ሰው ላይ ብቻ አልነበረም። መጫኑ በራሱ ይበቃ ነበር፤ ስክሪፕቱ በመጫን ሰዓት ይሮጣልና። ክሪፕቶ ማይነር (በሰው ማሽን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም) ይጭናል፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የይለፍ ቃል ይሰርቃል። ማውረድንና ማስኬድን ለይቶ የሚሠራ ሰው የወረደውን ከመሮጡ በፊት ለማየት ጊዜ አለው። የሰው ቢሮ ኔት ላይ የምንሠራ ሰዎች ደግሞ ይሄን ለባለቤቶቹም ብለን ልናስብበት ይገባል።

«ካርጎ ፌች» እና «ጎ ሞድ ዳውንሎድ» በዚህ በኩል ጥሩ ናቸው። በማውረድ ጊዜ የላይብረሪውን ኮድ አያስኬዱም። የፓይተኑ «ፒፕ ዳውንሎድ» ግን ይለያል። ፓኬጁ ዊል (ተገንብቶ ያለቀ ፓኬጅ) ሆኖ ካልተዘጋጀና ሶርሱ ብቻ ካለ፣ ፒፕ ምን ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ የፓኬጁን የግንባታ ኮድ ያስኬዳል። «--ኦንሊ-ባይነሪ=፡ኦል፡» ማለት ይህን ይዘጋዋል።

ነምበር_ዋን

አንድሮይድ የምትሠሩ አላችሁ? ግሬድልን ሳናነሳ እንዳናልፍ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚያ ነው።

ግሬድል «ላይብረሪዎቹን ብቻ አውርድ» የሚል የራሱ ትዕዛዝ የለውም። «ግሬድል ዲፔንደንሲስ» የሚለውን አይቶ የሚደሰት አለ። እሱ ዛፉን (የቱ ላይብረሪ የቱን እንደሚፈልግ) ያሳያል እንጂ ጃር ፋይሎቹን፣ ማለትም ላይብረሪዎቹን ራሳቸውን፣ አያወርድም። መግለጫ ፋይሎቹን ብቻ ነው የሚያመጣው። ሰው ስክሪኑ ላይ ረጅም ዝርዝር ሲያይ የወረደ ይመስለዋል፣ ቤት ሲገባ ባዶ ነው።

ለኔ የሚሠራልኝ ይሄ ነው። «ግሬድልው --ራይት-ቬሪፊኬሽን-ሜታዳታ ሻ256 ኸልፕ»። የዚህ ትዕዛዝ ዋና ዓላማ የእያንዳንዱን ፋይል ቼክሰም መመዝገብ ነው። ቼክሰም ለማስላት ደግሞ ፋይሉ መውረድ አለበት። ስለዚህ ኮምፓይል ሳያደርግ ሁሉንም ጎትቶ ያመጣል። «--ድራይ-ረን» ብትጨምሩበት የፕሮጀክቱን ዋና መመዝገቢያ አይነካም፣ ለብቻ ፋይል ይጽፋል።

ከዚያም በኋላ የሚጎድል አለ። ግሬድል ራሱ በራፐሩ (ፕሮጀክቱ ውስጥ ባለው ትንሽ ማስጀመሪያ) በኩል ይወርዳል፤ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። የአንድሮይዱ ኤስዲኬ፣ ቢልድ-ቱልስ፣ ኤንዲኬ ላይብረሪ ስላልሆኑ በኤስዲኬ ማኔጀር ለብቻቸው ይወርዳሉ። የአንድሮይድ ምስልና ገጽታ ፋይሎችን የሚያዘጋጀው «ኤኤፒቲ2» ደግሞ ግንባታው መሀል የሚጠራ ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ፍላተር ከሆነ «ፍላተር ፐብ ጌት» የዳርቱን ያመጣል፣ «ፍላተር ፕሪካሽ» የኤንጂኑን ያመጣል፣ የአንድሮይዱ ግሬድል ግን አሁንም ይቀራል።

እዚህ ላይ ከሳቢያን ጋር ነኝ። አዲስ የአንድሮይድ ፕሮጀክት ስትጀምሩ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል፣ ኔት ባለበት ቦታ ሙሉውን ገንቡት። ከዚያ በኋላ ላይብረሪ ሲጨመር ብቻ ማውረዱ ይበቃል።

ሳቢያን

ነምበር ዋን፣ አመሰግናለሁ። ጁገልም ያልከውን ተቀብያለሁ። የኔ ሥራ ሁሉ ግሬድል ስለሆነ በዚያ ለምጄ ነው። የራስቱን ዛሬ ነው የሰማሁት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አሟልቼ ማውረዴን በምን አውቃለሁ? ማሽኔ ላይ የድሮ ፕሮጀክቶች ካሽ ሞልቷል። የጎደለው ነገር ከድሮው ተገኝቶ ይሠራልኝና ሌላ ሰው ማሽን ላይ ይወድቃል።

ጁገል

ጥሩ ጥያቄ ነው። ባዶ ፎልደር ስጠው። ሁሉም መሣሪያ የካሽ ቦታውን መቀየር ይፈቅዳል። ሜቨን «-ዲሜቨን.ሪፖ.ሎካል» ላይ አዲስ ፎልደር ትሰጠዋለህ። ግሬድል «ግሬድል_ዩዘር_ሆም»፣ ካርጎ «ካርጎ_ሆም»፣ ጎ «ጎሞድካሽ» የሚባሉ ቫሪያብሎች አሏቸው። ወደዚያ አውርድ፣ ዋይፋዩን ዝጋ፣ በዚያው ፎልደር ገንባ። ካለፈ ሙሉ ነው።

ይህን ፍተሻ በየቀኑ ማድረግ አያስፈልግም። ፕለጊን ሲቀየር ወይም አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ ብቻ። ገንደቆሬም ብትሆን ፍተሻውን ቤቷ ሆና ልትሠራው ትችላለች። የጎደለውን ስም ጽፋ ትይዝና በቀጣዩ ቀን እሱን ብቻ ታወርዳለች።

ገንደቆሬ (ዓርብ ማታ)

አገናኙን ፖም ላይ ጨመርኩት። ባዶ ፎልደር ሰጥቼ ከዚራ አወረድኩ፣ ቤት ኔት ዘግቼ ገነባሁ። ኮምፓይሉም ቴስቱም አለፈ። ጁገልና ደቻቱ፣ ኑሩልኝ!

አሁን ሌላ ነገር አሰብኩ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሐረር ናት። ይህንን ፎልደር በፍላሽ ብልክላት ይሠራላታል? እሷም እንደኔ በዳታ ነው የምትሠራው። ከድሬ ሐረር በየሰዓቱ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ደቻቱ

ይሠራል፣ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ሜቨን እያንዳንዱ ላይብረሪ ከየትኛው ሰርቨር እንደመጣ እዚያው ፎልደሩ ውስጥ «_ሪሞት.ሪፖዚተሪስ» በምትባል ትንሽ ፋይል ይመዘግባል። አንቺ ሴቲንግስ ላይ ሚረር (ተለዋጭ ሰርቨር) አድርገሽ እሷ ካላደረገች የሰርቨሩ ስያሜ ይለያያል። ያን ጊዜ ፋይሉ ፊቱ ተቀምጦ ሳለ ሜቨን የለም ይላል። ወይ ሴቲንግስ ፋይልሽንም አብረሽ ላኪላት፣ ወይ እነዚያን ትንንሽ ፋይሎች ከኮፒው ላይ አጥፊያቸው። ዋናዎቹን ጃሮች አይነኩም።

ደግሞ ዚፕ አድርገሽ ላኪው። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ስለሆኑ አንድ በአንድ ፍላሽ ላይ ሲገለበጡ በጣም ይዘገያሉ።

ግሪክ_ካምፕ

ለጎ ሠሪዎች ማካፈሉ ከሁሉም ይቀላል። «ጎ ሞድ ዳውንሎድ» ያወረደው ፎልደር ውስጥ «ካሽ/ዳውንሎድ» የሚል አለ። ተቀባዩ «ጎፕሮክሲ» የሚለውን ቫሪያብል ወደዚያ ፎልደር ካዞረው ጎ እንደ ሰርቨር ያነበዋል። «ጎ.ሰም» ፋይሉ የእያንዳንዱን ቼክሰም ስለያዘ ፍላሹ በብዙ እጅ ቢያልፍም የተነካ ነገር ካለ ይታወቃል።

ታይዋን

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ፓይተን ነው። ላብ ያለው ማሽን ሊኑክስ ነው፣ ቤቴ ያለው ዊንዶውስ ነው። ላብ ሆኜ ለቤቱ ማውረድ እችላለሁ?

ፈረስ_መጋላ

ትችላለህ። «ፒፕ ዳውንሎድ» ላይ «--ፕላትፎርም ዊን_ኤኤምዲ64» በለው። ቤትህ ያለውን የፓይተን ቨርዥን በ«--ፓይተን-ቨርዥን» ንገረው። ያ «--ኦንሊ-ባይነሪ» ያልኩት እዚህ የግድ ነው፤ ሌላ ሲስተም ላይ ሆኖ ሶርስ መገንባት ስለማይቻል ፒፕ ያለ እሱ እሺ አይልም። ቤት «ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ» ብለህ ፎልደሩን ስጠው።

አንድ የሚያመልጥ ነገር አለ። አንዳንድ ፓኬጅ «ዊንዶውስ ከሆነ ይህንንም ጨምር» ይላል። ፒፕ ይህንን የሚፈትሸው ባለበት ማሽን እንጂ አንተ በነገርከው ፕላትፎርም አይደለም። ሊኑክስ ላይ ስለሆነ ያልፈዋል። ክሊክ የሚባለው ላይብረሪ ዊንዶውስ ላይ ኮሎራማን ይፈልጋል፤ አንተ ጋ ሳይወርድ የሚቀረው እሱ ነው። ስለዚህ ኮሎራማን በስሙ ዝርዝርህ ላይ ጨምረው። ሌላ ከጎደለህ ስሙን እዚህ ጻፈው፣ እናየዋለን።